ሠርጉ በደሴት፥ ምርቃቱ በኦዳ

በዚህ የቤተሰብ ዐምድ ስለ ሠርግ ወጪ፥ ስለ ሽማግሌ አላላክና ስለ አዲስ ሙሽሮች አኗኗር ደጋግመን ጽፈናል። ዛሬ የምናነሣው ጉዳይ ግን ለአባቶቻችን እንግዳ የነበረ፥ በዘመኑ ወጣቶች ዘንድ ግን እየተለመደ የሄደ ነው። ይኸውም ሠርግን ከወላጆች ደጅ አውጥቶ ወደ ሩቅ ስፍራ፥ ይልቁንም በባሕር ወደ ተከበበች ትንሽ ደሴት ስለ መውሰድ ነው።

ነገሩን እንድናነሣ ምክንያት የሆነን አንድ ቤተሰብ ነው። በድንበር ከተማዋ በሞያሌ፥ በኬንያ በኩል፥ ኦዳ በምትባለው ስፍራ የሚኖር ቤተሰብ ለመጎብኘት ሄደን ነበር። ኦዳ በኦሮምኛ የታላቁ የሾላ ዛፍ ስም ነው፤ ሽማግሎች ከጥላው ሥር ተቀምጠው ስለሚመክሩና ስለሚመርቁ ዛፉ የተከበረ ነው። የቤቱ ልጅ በናይሮቢ ሥራ ይዛ ትኖራለች፤ እጮኛዋ የአዲስ አበባ ልጅ ነው። ሁለቱ ተማክረው ሠርጋቸውን በኬንያ ጠረፍ በምትገኘው በላሙ ደሴት፥ በግንቦት ወር ሊያደርጉ ቈርጠዋል። ለሆቴሉም ቀብድ ልከዋል። እንዲጠሩ የታሰቡት 12 ሰዎች ብቻ ነበሩ።

አባትየው ይህን በሰሙ ጊዜ ብዙ ሰዓት ዝም አሉ። በኋላ ግን፥ «እኔ በዚህ ሰፈር የሰው ሠርግ ስበላ 30 ዓመት ኖሬአለሁ። ድግስ ብድር ነው። ጎረቤቶቼን ሳልጠራ ልጄን ከዳርሁ በምን ዓይኔ አያቸዋለሁ?» አሉ። ከእርጅና የተነሣ ከደጃፍ የማይርቁት ሴት አያቷ ደግሞ፥ «ልጆቼ፥ ሂዱ፤ አልከለክላችሁም። ነገር ግን ምርቃቴን በማን እጅ ልላከው?» ሲሉ ጠየቁ። ልጅቱ፥ «አኮ» ብላ እጃቸውን ያዘች፤ በቦረናዎች አነጋገር «አያቴ» ማለት ነው። ከዚህ በቀር የምትመልሰው ቃል አላገኘችም።

የወጣቶቹ ምኞት የሚነቀፍ አይደለም። ላሙ በሕንድ ውቅያኖስ ዳርቻ የምትገኝ፥ የጥንቱን የስዋሂሊ ከተማ መልክ ጠብቃ የቈየች ደሴት ናት። አሮጌው ከተማዋ በ2001 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ገብቷል። ቤቶቹ ኮራል ከሚባለው የባሕር ድንጋይና ከማንግሮቭ እንጨት የተሠሩ፥ በሮቻቸውም በቅርጽ ሥራ ያጌጡ ናቸው። ጎዳናዎቿ ጠባብ ስለ ሆኑ ጭነት የሚመላለሰው በአህያ ነው። ደግሞም ጥቂት ሰው ጠርቶ በልክ መደሰት፥ ለሦስት ቀን ድግስ ተበድሮ ሦስት ዓመት ዕዳ ከመክፈል እንደሚሻል ከዚህ ቀደም በዚሁ ዐምድ ተናግረናል።

ታዲያ ስሕተቱ ምን ላይ ነው? አማርኛን በመማር ላይ ያላችሁ ክቡራን፥ ሁለት ቃላት ለይታችሁ ያዙልን። «ጋብቻ» ባልና ሚስትን በሕግ፥ ቤተሰብንና ቤተሰብን በዝምድና የሚያስተሳስር ቃል ኪዳን ነው። «ሠርግ» ግን ቃል ኪዳኑ በደስታ የሚገለጥበት በዓል ነው። ሠርግ በገንዘብ ይሰናዳል፤ በጀልባም ይጫናል፤ ወደ ፈለጉት ደሴት ሊሄድ ይችላል። ጋብቻ ግን ሕግ የሚጠይቀውን ሥርዓትና የቤተሰብን ምርቃት ይፈልጋል። ስለዚህ ደሴት ያማረው ሰው አስቀድሞ «የትኛው ሆቴል ያምራል?» ብሎ አይጠይቅ፤ «ወደዚያ ሊሄድ የማይችለው ማን ነው?» ብሎ ይጠይቅ።

አንደኛው ዝግጅት እንግዲህ የሰው ነው። የሚሄዱት ከመቈጠራቸው በፊት የሚቀሩት ይቈጠሩ። ሽማግሌ የሆነ፥ የታመመ፥ ፓስፖርት የሌለው፥ ከብቱን ትቶ መሄድ የማይሆንለት ዘመድ በየቤቱ አለ። ሕግ የሚጠይቀው የሁለቱን ተጋቢዎች ፈቃድ እንደ ሆነ እናውቃለን፤ ነገር ግን በክፉ ቀን ባልና ሚስትን የሚያስታርቃቸው ያ የቀረው ዘመድ ነው።

ሁለተኛው ዝግጅት የወረቀት ነው። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ አዋጅ ቁጥር 213 በአዲስ አበባና በድሬዳዋ የሚሠራ ሲሆን፥ ክልሎች የየራሳቸውን የቤተሰብ ሕግ ያወጣሉ። በዚህ አዋጅ መሠረት በውጭ አገር የተፈጸመ ጋብቻ፥ የዚያን አገር ሕግ ተከትሎ የተፈጸመና የሕዝብን ሞራል የማይቃረን ከሆነ በኢትዮጵያ የጸና ነው። በኬንያ በኩል በ2014 እ.ኤ.አ. የወጣው የጋብቻ ሕግ፥ በመንግሥት ሹም ፊት ሊጋቡ የሚፈልጉ ሰዎች ከ21 ቀን ባላነሰና ከ3 ወር ባልበለጠ ጊዜ አስቀድመው በጽሑፍ እንዲያስታውቁ ያዛል። በሁለቱም ሕጎች ተጋቢዎች 18 ዓመት የሞላቸው መሆን አለባቸው። ከኢትዮጵያ የሚሄደው ሙሽራ ያላገባ ማስረጃውን አስቀድሞ አውጥቶና አስረጋግጦ መያዝ ይገባዋል፤ የሚቀበለው የጋብቻ ምስክር ወረቀትም በአገሩ እንዲሠራለት በውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤትና በኤምባሲ ማስረገጡን አይዘንጋ።

በዚህ ነገር ብዙ ሰው ይታለላል። በባሕር ዳር የሚደረገው ሥነ ሥርዓት ሁሉ ጋብቻ አይደለም። አበባ ተነስንሶ፥ ቀለበት ተደርጎ፥ ፎቶግራፍ ተነሥቶ፥ ነገር ግን የማጋባት ሥልጣን ያለው ሰው ሳይገኝና በመዝገብ ሳይጻፍ ቢቀር፥ ያ ቀን ሠርግ እንጂ ጋብቻ አልነበረም ማለት ነው። ጉድለቱም የሚታወቀው በደስታ ጊዜ ሳይሆን፥ ከባልና ሚስት አንዱ ሲሞት፥ ውርስ ሲጠየቅ፥ ወይም አንዱ ሌላውን ወደሚኖርበት አገር ሊያስመጣ ሲያመለክት ነው። በዚያን ጊዜ ፎቶግራፍ የመዝገብን ያህል አይመሰክርም።

ሦስተኛው የወራትና የመንገድ ነገር ነው። በኬንያ ጠረፍ ትልቁ ዝናም የሚወርደው በሚያዝያና በግንቦት ነው፤ ወጣቶቹ የመረጡትም ይህንኑ ግንቦትን ነበር። ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ግን ስዋሂሎች ካስካዚ የሚሉት የሰሜን ምሥራቅ ነፋስ ይነፍሳል፤ ሰማዩም ጥርት ይላል። ከኢትዮጵያ በኩል የሚመጡት ዘመዶች፥ የሁለቱ አገሮች ሹማምንት ባንድነት በሚሠሩበትና ኅዳር 30 ቀን 2013 ዓ.ም. በተመረቀው የሞያሌ የድንበር ጣቢያ ያልፋሉ። ከሞያሌ እስከ ኢሲዮሎ ያለው 500 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ዛሬ አስፋልት ነው፤ ከዚያ ወደ ናይሮቢ ይገባል። ከናይሮቢ በአውሮፕላን ወደ ማንዳ ደሴት፥ ከማንዳም በጀልባ ወደ ላሙ ይሻገራሉ። በ2014 እ.ኤ.አ. በላሙ አውራጃ በየብስ በኩል ብርቱ የሽብር አደጋ ስለ ደረሰ፥ በመኪና ለመሄድ ያሰበ ሁሉ ስለ ጸጥታው አስቀድሞ መጠየቅ አለበት። አገሩ ቈላ ነውና ስለ ወባ መከላከያ ሐኪም ማማከርም ይገባል።

አራተኛው ለባለ አገሮቹ የሚገባው ክብር ነው። የላሙ ሕዝብ አብዛኛው እስላም ነው፤ መስጊዶቹም በመንደሮቹ መካከል ናቸው። የሶላት ሰዓት ሲደርስ ሙዚቃን ዝቅ ማድረግ፥ በከተማው ውስጥ በጨዋ ልብስ መሄድ የእንግዳ ግዴታ ነው። ሙሽራ መሆን የሰውን ደጅ እንደ ራስ ሳሎን አያስቈጥርም።

ይህ ሁሉ ጊዜ ይፈልጋል። «ሠርገኛ መጣ በርበሬ ቀንጥሱ» የተባለው በአገር ቤት ላለ ድግስ እንኳ ነቀፋ ነው፤ በሦስት መሥሪያ ቤቶችና በአንድ ባሕር ላይ ለሚዘጋጅ ሠርግማ እንዴት ይሆናል?

ወደ ኦዳው ቤተሰብ እንመለስ። በማግሥቱ ሙሽራው ከአባትየው ፊት ቆሞ፥ «አባቴ፥ ጥፋቱ የእኔ ነው። ሽማግሌ ሳልልክ ለሆቴል ቀብድ ላክሁ» አለ። አባትየውም ሳቅ አመለጣቸውና፥ «እንግዲያስ ሆቴሉ ይቈይሃል፤ ሽማግሌዎችህን አምጣ» አሉት። ከዚያ በኋላ ምክሩ ቀና።

የተስማሙበት እንዲህ ነው። ግንቦት ቀርቶ ሠርጉ ወደ ጥር ተላለፈ። የአያትየው ምርቃት ግን ጥርን አይጠብቅም፤ ዕድሜ ቀጠሮ አያከብርምና። የሙሽራው ሽማግሌዎች በቶሎ ወደ ኦዳ ይመጣሉ፤ በቦረና ባህል በቅቤ የተጠበሰው የቡና ፍሬ ይቀርባል፤ አያትየውም ከደጃፋቸው ሳይርቁ በገዛ እጃቸው ይመርቃሉ። ጋብቻው በናይሮቢ በሕግ ይመዘገባል። በላሙ ሊቈዩ ያሰቡት 5 ቀን ወደ 3 ተቀንሶ፥ በተረፈው ገንዘብ ለጎረቤት ሁሉ በኦዳ ድግስ ይደገሳል።

ለዚህ የመጨረሻ ድግስ ስም መፍጠር አላስፈለጋቸውም፤ አማርኛ አስቀድሞ አዘጋጅቶላቸዋል። ከሠርግ በኋላ ሙሽሮች ወደ ሙሽራይቱ ወላጆች ቤት ሲመለሱ የሚደገሰው ድግስ «መልስ» ይባላል። ለጥያቄ የሚሰጥ ቃልም «መልስ» ነው። አባትየው «ጎረቤቶቼን በምን ዓይኔ አያቸዋለሁ?» ብለው ለጠየቁት ጥያቄ፥ ልጃቸው በዚህ ቃል በሁለቱም ፍቺው ልትመልስላቸው ነው።

እኛም ልንሰናበት ስንነሣ አያትየው ስለ ባሕሩ ጠየቁን፤ «ውሃው ይጠጣልን?» አሉ። «አይጠጣም፤ ጨው ነው» አልናቸው። ጥቂት አሰቡና፥ «እንግዲያስ ከዚህ ጠጥተው ይሂዱ» አሉ።