ቻይንኛ ለሚማር ሰው ቆጠራው ይቅደም

ዱከም ያለው የምሥራቅ ኢንዱስትሪ ዞን አስተርጓሚ ይፈልጋል። ወደ ጓንግዡና ዪዉ ለዕቃ የሚመላለሰው ነጋዴም እንዲሁ። ቻይንኛ መማር ለብዙ ወጣት የእንጀራ ጉዳይ ሆኗል። ታዲያ ለጀማሪ የሚሰጥ አንድ የተለመደ ምክር አለ፤ "መቁጠሪያ ቃላቱ አያስጨንቁህ፣ 'ገ' ካልክ ይገባቸዋል" የሚል። ምክሩ ግማሽ እውነት ነው። የቀረው ግማሽ ግን ገንዘብ ያስከፍላል።

ነገሩ እንዲህ ነው። አማርኛ "ሦስት መጽሐፍ" ብሎ ያልፋል። ቻይንኛ ግን በቁጥሩና በስሙ መካከል መቁጠሪያ ቃል ያስገባል። ለመጽሐፍ "በን"፣ እንደ ወረቀትና ጠረጴዛ ገጹ ለተዘረጋ ነገር "ጃንግ"፣ እንደ ወንዝና ሱሪ ለረዘመ ነገር "ትያው"፣ ለመኪና "ልያንግ" ይላል። "ገ" ከሁሉም ሰፊው ስለሆነ ጀማሪ መጽሐፉን በ"ገ" ቢቆጥር ሰሚው ፈገግ ብሎ ይረዳዋል።

ይህ ለአማርኛ ተናጋሪም ፍጹም ባዕድ አይደለም። "ሁለት ራስ ነጭ ሽንኩርት"፣ "አንድ ዘለላ ወይን"፣ "አንድ ጥማድ በሬ" ይባላል። አማርኛ ሲያሻው የሚያደርገውን ቻይንኛ ግዴታ አድርጎታል፤ ልዩነቱ ይኸው ነው።

ችግሩ "ገ" የማያድንበት ቦታ መኖሩ ነው። አንደኛው አክብሮት ነው። ሰውን በ"ገ" መቁጠር ነውር የለውም፤ እንግዳና ደንበኛ ግን በ"ወይ" ይቆጠራል። "አንተ" እና "እርስዎ"ን ለይቶ ያደገ ሰው ይህን ለመረዳት ብዙ ማብራሪያ አያስፈልገውም።

ሁለተኛው ራሱ ሂሳቡ ነው። "ሽዋንግ" ጥንድ ነው፣ "ጅ" ደግሞ ነጠላ። 100 "ጅ" ጓንት ያዘዘ ሰው የሚደርሰው 50 ጥንድ ነው። "ጂን" ግማሽ ኪሎ ነው፤ ኪሎ የሚባለው "ጎንግጂን" ነው። በጂን የተጠራን ዋጋ የኪሎ መስሎት የተስማማ ገዢ፣ ሲመዘን እጥፍ ይከፍላል። "ዳ ባ ጀ" ሲባል ውስጡ ያለውን ስምንት ቁጥር ሰምቶ ሰማንያ በመቶ ተቀነሰልኝ የሚልም አይጠፋም። ትርጉሙ ከዋጋው ሰማንያ በመቶውን ክፈል ነው፤ ቅናሹ ሃያ ብቻ ነው።

ከሁሉም የሚከብደው ትልልቁ ቁጥር ነው። ቻይንኛ ከሺህ ቀጥሎ 10,000ን "ዋን" ብሎ አሐድ ያደርገዋል። 30 ዋን 300,000 ነው፣ 100 ዋን ደግሞ አንድ ሚሊዮን። ዋን በዋን ሲባዛ "ዪ" ይሆናል፤ 100,000,000 ማለት ነው። በሺህና በሚሊዮን ብቻ ማሰብ የለመደ አስተርጓሚ ስብሰባ መሐል አንድ ዜሮ ቢጥል ውሉ ሌላ ውል ይሆናል።

የሚገርመው የግዕዝ ቁጥርም በዚሁ መንገድ መሄዱ ነው። ፼ እልፍ፣ ማለትም 10,000 ነው። 300,000 ሲጻፍ ፴፼፣ አንድ ሚሊዮን ፻፼፣ "ዪ" የሚባለው ደግሞ ፼፼ ይሆናል። የግዕዝ ቁጥርን የሚያውቅ ተማሪ የዋንን ስሌት ከቤቱ ይዞት መጥቷል፤ ይህን የሚያስታውሰው መምህር ግን ያስፈልገዋል።

"ስልኩ ይተረጉመው የለ?" የሚል ይኖራል። ስልኩ የተባለውን ይተረጉማል። ሻጩ ጂን ሲል ገዢው ኪሎ ብሎ መስማቱን ግን ስልኩ አያውቅም።

ስለዚህ ኮርስ የሚከፍቱ ሰዎች ከሰላምታው ቀጥለው ዋንን፣ ጂንን፣ ጀን፣ ሽዋንግና ጅን ያስተምሩ። አስተርጓሚ የሚቀጥር ድርጅትም ንግግሩ መፍሰሱን ብቻ አይይ። አምስት ትልልቅ ቁጥሮችን በቻይንኛ አስነብቦ በአማርኛ ያስጽፈው፤ ፈተናው ከዐሥር ደቂቃ አያልፍም። በአነጋገር የተሳሳተ ሰው ይቅርታ ጠይቆ ያልፋል፤ በተፈረመ ውል ላይ የጎደለች ዜሮ ግን በይቅርታ አትመለስም።