ዕቅዱ ከማስረጃው ይጀምር

ከመቐለ ወደ ውጭ አገር ሄዶ ለመማር የሚያቅድ ተማሪ አስቀድሞ የሚያስበው ስለሚሄድበት አገርና ስለ ነጻ የትምህርት ዕድል ነው። በእኛ አስተያየት ግን ዕቅዱ መጀመር ያለበት ከትምህርት ማስረጃው ነው። ከጥቅምት 2013 እስከ ጥቅምት 2015 ዓ.ም. በተካሄደው ጦርነት በመቐለ ዩኒቨርሲቲ የመማር ማስተማር ሥራ በመቋረጡ፣ በብዙዎች ማስረጃ ላይ ክፍተት ይታያል። ምክንያቱን የማያውቅ መራጭ ኮሚቴ ይህን እንደ ስንፍና ሊቆጥረው ይችላል። ስለዚህ አመልካቹ ነገሩን በማመልከቻው በአጭሩ ይግለጽ፤ የትምህርት ክፍሉም የማረጋገጫ ደብዳቤ ይስጠው። ቀኖቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ይጻፉ፤ አለዚያ የእኛ ጥቅምት 2013 መጨረሻ ኖቬምበር 2020 መሆኑን የማያውቅ አንባቢ 7 ዓመት ወደ ኋላ ይሄዳል። እነዚያ ዓመታት በተማሪው ጥፋት ያለፉ አይደሉምና፣ ይህን ማስረዳት የእርሱ ብቻ ሸክም ሊሆን አይገባም።