ጓደኛዬ አንብብ ያለኝ መጽሐፍ

«ፍቅር እስከ መቃብርን አንብብ እንጂ!» ይለኝ ነበር የአጋሮው ጓደኛዬ፣ ነፍሱን ይማር። «እሺ፣ ቡናው ይለቀም» እለው ነበር። ቡናው ተለቀመ፤ ተሰጣ፤ ተሸጠ። እኔ ግን አላነበብኩም። በክረምቱ እሱ ሞተ።

መጽሐፉን እናቱ ሰጡኝ። በዚህ ሳምንት ጨረስኩት። ወፍራም ነው፤ ግን አይደንግጣችሁ። የጻፉት የጎጃሙ ተወላጅ ሐዲስ ዓለማየሁ ናቸው። በ1958 ዓ.ም. ታተመ። ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ስለተረከው ያላነበበውም ሰው ያውቀዋል።

መጽሐፉ ልብ ወለድ ነው። ልብ ወለድ ማለት ደራሲው አስቦ የፈጠረው ታሪክ ነው። በዛብህ የድሃ ልጅ ነው። የፊታውራሪ መሸሻን ልጅ ሰብለ ወንጌልን ሊያስተምራት ይገባል። ይዋደዳሉ። አባቷ ግን ዘር ይቆጥራሉ። ባላገሩም በፊታውራሪው ላይ ያምፃል። ጉዱ ካሳ የሚባል ሰው አለ፤ የባላባቱን ወግ ስለሚነቅፍ እብድ ይሉታል። እኔስ ከሁሉ እሱን ወደድኩት።

ጓደኛዬ ጉዱ ካሳ ከሚናገርበት ገጽ ዳር በእርሳስ ምልክት አድርጓል። ይህች ናት፦ ? የጥያቄ ምልክት ትባላለች። ምን ሊጠይቅ ነበር? ሁለት ጊዜ አነበብኩት፤ አልገባኝም።

ቅዳሜ ማታ ከትምህርት በኋላ ያንን ገጽ ጮክ ብዬ አነበዋለሁ። ኑና አብረን እንፈልገው።