ሁለት ሰዓት የማን ነው?

ከአዲስ አበባ ናይሮቢ ስንት ይርቃል ብላችሁ ጠይቁ። መልሱ የታወቀ ነው፦ በአየር ወደ 1,160 ኪሎ ሜትር፣ በአውሮፕላን ሁለት ሰዓት ግድም። በየስብሰባው ስለ ጉርብትና ሲወራ የሚጠቀሰውም ይኸው ነው። ሻንጣ ይዞ ለሚሳፈር ሰው እውነት ነው። ጭነት ላለን ግን ላም አለኝ በሰማይ ነው።

የእኛ መንገድ ሌላ ነው። በሐዋሳ፣ በዲላ፣ በያቤሎ አድርጎ ሞያሌ፤ ከዚያ ማርሳቢት፣ ኢሲዮሎ፣ ናይሮቢ። ከ1,500 ኪሎ ሜትር በላይ ይሆናል። ከሞያሌ ኢሲዮሎ ያለው ወደ 500 ኪሎ ሜትር ድንጋይና አቧራ የነበረበትን ዘመን አንረሳም፤ ዛሬ አስፋልት ነው፣ ተመስገን። መኪናው ሳይቆም ቢሄድ ሁለት ቀን ይበቃዋል። ችግሩ መቆሙ ነው።

«ታዲያ ለምን አትበሩም?» የሚሉን አሉ። እንበራለን እኮ፤ ናሙና ለማየት፣ ሒሳብ ለመዝጋት። ግን ከኢስሊ የተገዛ ጨርቅና ጫማ፣ ከዚህ የሚሄድ በርበሬና ሽሮ በሻንጣ አያልቅም። ትርፍ ኪሎ ከተከፈለ ትርፋችን እዚያው ሚዛኑ ላይ ይቀራል።

ኮሜርስ ገብተን የተማርነው ነገር ቢኖር ቆሞ የዋለ ዕቃ የታሰረ ገንዘብ መሆኑን ነው። የዕቁብ ቀን ደግሞ አብሮ አይቆምም። ሦስት ቀን ኬላ ላይ ያደረ ጭነት የመኝታ፣ የጥበቃ፣ የማውረጃና የመጫኛ ሒሳብ ተሸክሞ ይገባል። መጨረሻ ላይ የምትከፍለው ለልጇ ጫማ ልትገዛ የመጣች እናት ናት።

በ2013 ዓ.ም. የሁለቱ አገር መሪዎች ሞያሌ ላይ የጋራ የድንበር መፈተሻ ጣቢያ መርቀዋል። ሐሳቡ ግልጽ ነው፤ በሁለቱም ወገን ሁለቴ ከመቆም፣ በሚገቡበት ወገን አንዴ ቆሞ መጨረስ። ይህን እንደግፋለን። የምንቃወመው ድንበር ላይ ተፈትሾ ቀረጥ የተከፈለበት ዕቃ ከዚያ በኋላ በየኬላው እንደ አዲስ መፈታቱን ነው። አንዱ ጋ የበቃ ደረሰኝ ሌላው ጋ አይበቃም።

«ኮንትሮባንድ ለመከላከል ነው» ይሉናል። ኮንትሮባንዲስት ሰልፍ አይቆምም፤ የሚቆመው ደረሰኝ የያዘው ነው። ሕጋዊውን መንገድ ባረዘማችሁት ቁጥር የጫካውን መንገድ ታሳጥሩለታላችሁ።

የምንጠይቀው ቀረጥ ይቅርልን አይደለም። ክፍያው ሁሉ በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በስዋሂሊ ተጽፎ ይለጠፍ። አንዴ የተፈተሸና የታሸገ ዕቃ ማኅተሙ ካልተነካ አይፈታ። ጥቂት ዕቃ የያዘ ነጋዴ ከትልልቅ ተሳቢዎች ተለይቶ የሚስተናገድበት መስኮት ይኑር። ዕቃው የተያዘበት ሰው ምክንያቱና ሰዓቱ በጽሑፍ ይሰጠው።

እኛና ኬንያውያን ሰዓት አቆጣጠራችን እንኳ አንድ ነው፤ እኛ ጠዋት ሁለት ሰዓት ስንል በስዋሂሊም «ሳ ምቢሊ» ነው። ስለዚህ እህቶች፣ ወንድሞች፣ ከዚህ በኋላ በየኬላው የደረሳችሁበትንና የተለቀቃችሁበትን ሰዓት ደብተራችሁ ላይ ጻፉ። በሚቀጥለው ስብሰባ «ሁለት ሰዓት» ሲሉን ደብተሩን ዘርግተን እናሳያቸዋለን።