የምሳ ሂሳብዎና የአስተናጋጁ ጤና

ምሳ በልተው ሂሳብ ሲጠይቁ የሚመጣልዎትን ደረሰኝ አንብበውት ያውቃሉ? አብዛኞቻችን ድምሩን ብቻ አይተን፣ ከፍለን እንወጣለን። ረጋ ብሎ ለተመለከተው ግን ከምግቡና ከመጠጡ ዋጋ በታች 15 በመቶ የተጨማሪ እሴት ታክስ፣ ከፍ ባሉት ሆቴሎች ደግሞ 10 በመቶ የአገልግሎት ክፍያ ተጽፎ ያገኛል። የመጀመሪያው ወደ መንግሥት ካዝና እንደሚገባ እናውቃለን። ሁለተኛው የት እንደሚደርስ ጠይቀን የምናውቅ ግን ጥቂቶች ነን።

በአሜሪካዋ ሳን ፍራንሲስኮ ከተማ በብዙ ምግብ ቤቶች ደረሰኝ ላይ ሌላም መስመር ይታያል። በሂሳቡ ላይ 4 ወይም 5 በመቶ ይታከላል፤ ምክንያቱ ደግሞ የሠራተኞች የጤና ወጪ ነው ይባላል። በላተኛው ለአብሳዩና ለአስተናጋጁ ሕክምና ይከፍላል ማለት ነው። ይህ ተገቢ ነው ወይስ አይደለም የሚለው ክርክር እዚያ ከ15 ዓመታት በላይ ሲያነጋግር ቆይቷል። በእኛም አገር የማኅበራዊ ጤና መድን መዋጮ ከደመወዝ የሚቆረጥበት ቀን ሲመጣ ጥያቄው ወደ ገበታችን መቅረቡ አይቀርምና በዛሬው ዓምዳችን ልናየው ወደናል።

ነገሩ የተጀመረው እንዲህ ነው። የሳን ፍራንሲስኮ ከተማ ምክር ቤት እ.ኤ.አ በ2006 ባወጣው ሕግ 20 እና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ያላቸው የንግድ ድርጅቶች ሠራተኛው በሠራው ሰዓት ልክ ለጤናው የተወሰነ ገንዘብ እንዲያወጡ አስገደደ። ግዴታው ከ2008 ጀምሮ ሥራ ላይ ዋለ። የምግብ ቤት ባለቤቶች ማኅበር ሕጉን በመቃወም ፍርድ ቤት ሄደ። ክርክሩ እስከ አገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ድረስ ቢዘልቅም፣ ፍርድ ቤቱ በ2010 ጉዳዩን አላይም በማለቱ ሕጉ ጸና። ባለቤቶቹም ብዙዎቹ የምግብ ዝርዝሩን ዋጋ ከፍ ከማድረግ ይልቅ ወጪውን ለብቻው በደረሰኙ ግርጌ መጻፍ መረጡ። ደንበኛው ዋጋው በማን ምክንያት እንደጨመረ እንዲያውቅ መፈለጋቸው ግልጽ ነበር።

እስከዚህ ድረስ ክፋት የለውም። ቆይቶ ግን ለሠራተኛ ጤና ተብሎ ከደንበኛ የተሰበሰበው ገንዘብ ሁሉ ለጤና እንዳልዋለ ታወቀ። አንዳንድ ምግብ ቤቶች ከሰበሰቡት ከፊሉን ኪሳቸው አስቀርተውታል። ከተማዋ በ2011 ሕጉን አሻሽላ በዚህ ስም የተሰበሰበ ገንዘብ ለሌላ ጉዳይ እንዳይውል ደነገገች። የከተማዋ ዐቃቤ ሕግም በ2013 ምርመራ ከፍቶ፣ ገንዘቡን ያስቀሩ ድርጅቶች ለሠራተኞቻቸው እንዲመልሱ ማድረግ ጀመረ። ይህን ክፍል በልብዎ ይያዙልኝ፤ በኋላ እመለስበታለሁ።

በዚያው ዘመን የፓፓ ጆንስ ፒዛ ኩባንያ መሥራችና ኃላፊ የነበረው ጆን ሽናተር፣ እ.ኤ.አ በነሐሴ 2012 በፕሬዚዳንት ኦባማ ዘመን የወጣው የጤና ሕግ በእያንዳንዱ ፒዛ ላይ ከ11 እስከ 14 ሳንቲም ወጪ እንደሚጨምርና ወጪውንም ወደ ደንበኛው እንደሚያስተላልፉት ተናገረ። ሕጉ 50 እና ከዚያ በላይ የሙሉ ጊዜ ሠራተኛ ያላቸው ድርጅቶች መድን እንዲያቀርቡ፣ አለዚያ ቅጣት እንዲከፍሉ የሚያዝ ነበር። ሰውየው ይህን የተናገረው ሕጉን ለመንቀፍ ነው። የሰሙት ብዙ ሰዎች ግን ተገርመው «ለ14 ሳንቲም ነው እንዴ ይህ ሁሉ ጩኸት? እከፍላለሁ!» አሉ። በሌላ በኩል ደግሞ ሕጉ የሙሉ ጊዜ ሠራተኛ የሚለው በሳምንት 30 ሰዓት የሚሠራውን በመሆኑ፣ አንዳንድ አሠሪዎች የሠራተኞቻቸውን ሰዓት ከ30 በታች ማድረግ ያዙ። ሳንቲሟን ከደንበኛ ከመጠየቅ የሠራተኛውን ቀን ማሳጠር ቀለላቸው።

ለመሆኑ የሌላ ሰው ሕክምና እኔን ለምን ይመለከተኛል? ይህን ጥያቄ ጤናማ ሰው ሁሉ ይጠይቀዋል። መልሱን ለማግኘት ከመቶ ዓመት በፊት ወደ ኒውዮርክ መለስ እንበል።

ሜሪ ማሎን የተባለች አየርላንዳዊት ስደተኛ በሀብታሞች ቤት ምግብ አብሳይ ነበረች። እርሷ ምንም ሳያማት በሄደችበት ቤት ሁሉ ሰዎች በታይፎይድ ይያዙ ነበር። እ.ኤ.አ በ1907 የጤና ባለሥልጣናት ደረሱባትና በደሴት ላይ ባለ ሆስፒታል ለብቻዋ አስቀመጧት። በ1910 ሁለተኛ ምግብ እንዳታበስል ቃል አስገብተው ለቀቋት። ልብስ አጣቢ ሆነች፤ የአጣቢ ደመወዝ ግን ከአብሳይ ደመወዝ እጅግ ያንስ ነበር። የሚደጉማት አልነበረም። ስሟን ለውጣ ወደ ወጥ ቤት ተመለሰች። በ1915 በአንድ የእናቶች ሆስፒታል ውስጥ ስታበስል 25 ሰዎች ታመው ሁለቱ ሞቱ። ከዚያ በኋላ እስከ ዕለተ ሞቷ፣ እስከ 1938 ድረስ በደሴቷ ላይ ኖረች። ሰዎች ይህን ታሪክ ሲያወሩ ሴትየዋን ይረግማሉ። እኔ ግን ዘወትር የሚገርመኝ ከተማዋ አብሳይነቷን ስትነጥቃት በምትኩ ምን እንደምትበላ ያላሰበች መሆኗ ነው።

አሁንም ቢሆን ነገሩ ከዚህ ብዙ አይርቅም። በምግብ ከሚተላለፉት ተሕዋስያን አንዱ የሆነው ኖሮቫይረስ ማስመለስና ተቅማጥ ያስከትላል። በሽተኛው ሕመሙ ከተወው በኋላ እንኳ ለቀናት ቫይረሱን ሊያስተላልፍ ስለሚችል፣ ምግብ የሚነካ ሰው ምልክቶቹ ከቆሙ በኋላ ቢያንስ ለ48 ሰዓት ከሥራ እንዲቀር ይመከራል። ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ የቆየ ሳል ያለበት ሰው ደግሞ የሳንባ ነቀርሳ ምርመራ ማድረግ አለበት። ምክሩ ቀላል ነው። የሚፈጽመው ግን ቀኑን ማጣት የሚችል ሰው ነው።

በቅርቡ ቁርስ በምበላበት አንድ ቤት ፍርፍር ያቀረበችልን ልጅ ዓይኗ ቀልቶ እጇ ይንቀጠቀጥ ነበር። «ለምን አላረፍሽም?» ስላት፣ «ጋሼ፣ ብቀር ቀኑ ይቆረጥብኛል፤ ክሊኒክ ብሄድ ደግሞ የሳምንቱ ይሄዳል» አለችኝ። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ ሲታመም የመጀመሪያውን ወር ሙሉ ደመወዙን፣ ቀጣዮቹን ሁለት ወራት ግማሹን እያገኘ እንዲታከም ይፈቅዳል። ልጅቷ ይህን አታውቅም። የጽሑፍ ውልም የላትም። እኔም ፍርፍሩን በላሁ፤ ልዋሻችሁ አልፈልግም።

እንግዲህ መድን የሌለው ሠራተኛ ያስተናገደን ዕለት የቀረልን ወጪ ያለ ይመስለናል እንጂ፣ እየከፈልን ነው። አንዳንዱን በሕመማችን፣ አንዳንዱን ዘመድ ሲታመም በምናዋጣው፣ አንዳንዱን ደግሞ መንግሥት ለጤና ተቋማት በሚመድበው የግብር ገንዘብ እንከፍለዋለን። በኢትዮጵያ ከጠቅላላው የጤና ወጪ ሲሶ የሚጠጋው በቀጥታ ከታማሚው ኪስ የሚወጣ ነው። በሬ ሸጦ፣ ወርቅ አስይዞ መታከም የሚባለው ይኸው ነው።

ወደ አገራችን ሕግ እንምጣ። የማኅበራዊ ጤና መድን አዋጅ ቁጥር 690/2002 ሲወጣ ሐሳቡ ደመወዝተኛው ከደመወዙ 3 በመቶ፣ አሠሪውም በበኩሉ 3 በመቶ እንዲያዋጡ ነበር። ትግበራው ከዚያ ወዲህ ተደጋግሞ ሲራዘም ቆይቷል። ይራዘም የነበረበት አንዱ ምክንያት የሠራተኛው ስጋት ነው፤ ደመወዙ ከኑሮው ጋር እኩል ሳይራመድ ሌላ ተቀናሽ ማን ይወዳል? አሠሪው ደግሞ የእርሱን ድርሻ ዋጋ ላይ ጨምሮ ወደ ሸማቹ ማስተላለፉ የሚጠበቅ ነው። ይህን ሲሰሙ «ደግሞ ሌላ ጭማሪ!» ብለው ቢማረሩ አልፈርድብዎትም።

ስሌቱን ግን አብረን እንሥራው። አንድ ምሳ 400 ብር ይሸጣል እንበል። ከዚህ ውስጥ 100 ብሩ ለአብሳዩ፣ ለአስተናጋጁ፣ ለእቃ አጣቢዋና ለገንዘብ ተቀባይዋ ደመወዝ ይውላል ብለን እንያዝ። የአሠሪው 3 በመቶ የሚሰላው ከ400 ብሩ ሳይሆን ከ100 ብሩ ነው። ስለዚህ በምሳው ላይ የሚጨምረው 3 ብር ነው። አሠሪው ደግ ሆኖ የሠራተኛውንም ድርሻ እችላለሁ ቢል እንኳ 6 ብር ይሆናል። ጠረጴዛ ላይ ትተውት ከሚሄዱት ጉርሻ ያነሰ ነው። ጉርሻው ደግሞ ለታየዎት ሰው ነው የሚደርሰው፤ ጓዳ ውስጥ እጇ በሳሙና የተላጠው እቃ አጣቢ አታገኘውም።

የአሜሪካው ጭማሪ 4 እና 5 በመቶ የሆነው እዚያ ሕክምናው ራሱ እጅግ ውድ ስለሆነ ነው። የእኛ በደመወዝ ልክ የተቆረጠ መዋጮ ስለሆነ በዕቃ ዋጋ ላይ የሚያሳርፈው ጫና ትንሽ ነው። ስለዚህ ነገ አንድ ነጋዴ «የጤና መድን መጣ» ብሎ በ400 ብሩ ምሳ ላይ 40 ብር ቢጨምር፣ 37ቱ ብር የመድን አይደለም። ይህችን ስሌት ይያዙ።

ደግሞም አዲስ ነገር አይደለም። የግል ድርጅት ሠራተኞች የጡረታ ሕግ ከወጣ ወዲህ አሠሪው 11 በመቶ፣ ሠራተኛው 7 በመቶ ያዋጣሉ። ይህ ገንዘብ በምንገዛው ሳሙና፣ በምንጠጣው ለስላሳ ዋጋ ውስጥ አለ። ማንም ደረሰኝ ላይ ለብቻው አልጻፈውም፤ እኛም አልጠየቅንም።

የምጣኔ ሀብት ባለሙያዎች በዚህ ጉዳይ የሚያነሱት አንድ ነጥብ አለ። እንዲህ ያለ ወጪ ሁሉ በሸማቹ ላይ አይወድቅም፤ ከትርፍም ይቀነሳል፣ በይበልጥም ቀስ በቀስ ከሠራተኛው የደመወዝ ጭማሪ ላይ ይነሳል ይላሉ። እውነት አላቸው። ለእኔ ይህ ሸማቹ ድርሻውን ለመቻል ፈቃደኛ መሆን እንዳለበት የሚያሳይ ነው፤ እርሱ አልከፍልም ሲል የሚከፍለው ይበልጥ ድሃው ነውና። ይህን ስል ስለ ምግብ ቤት ምሳና ስለ ሆቴል ማኪያቶ ነው። በዳቦና በዘይት ላይ የሚመጣ ጭማሪ ግን ከገቢው አብዛኛውን ለምግብ የሚያወጣውን ቤተሰብ ነው የሚጎዳው። እዚያ ላይ የሸማች ኪስ ሳይሆን የመንግሥት ድጎማ ቢቀድም እመርጣለሁ።

አሁን ወደዚያ በልብዎ ያዙልኝ ወዳልኩት ጉዳይ እንመለስ። እኔን የሚያስጨንቀኝ የ3 ብሯ መጠን ሳይሆን መድረሻዋ ነው። ፍርፍር ያቀረበችልን ልጅ የጽሑፍ ውል የላትም፤ በጡረታም አልተመዘገበችም። ከደመወዝ መቁረጥ ሲጀመር የእርሷ ስም በየትኛውም የደመወዝ ሰነድ ላይ አይገኝም። ምግብ ቤቱ በመድን ስም ዋጋ ቢጨምር እኛ እንከፍላለን፤ እርሷ ግን በትኩሳቷ ታስተናግዳለች። ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ ያን ያህል ቁጥጥር ባለበት ከተማ የጠፋ ገንዘብ፣ ሠራተኛው በማይታወቅበት ቤት አይጠፋም ብሎ ማመን ይከብዳል።

ስለዚህ ምን እናድርግ? ሸማች ከሆኑ ይጠይቁ። የአገልግሎት ክፍያ ሲከፍሉ «ይህ ለሠራተኞቹ ይደርሳል ወይ?» ብሎ አስተናጋጁን ቀስ ብሎ መጠየቅ ነውር አይደለም። ከፊቱ ብዙ ይረዳሉ።

ሠራተኛ ከሆኑ የጽሑፍ ውል ይጠይቁ፤ ውል የሌለው ሰው ሕመም ፈቃዱንም ማስከበር ይቸገራል። የቆየ ሳል ካለብዎ የሳንባ ነቀርሳ ምርመራና ሕክምና በመንግሥት ጤና ተቋማት በነፃ ነውና ገንዘብ የለኝም ብለው አይቅሩ።

ሦስትና አራት ሰው የሚያሠሩ ባለቤት ከሆኑ ደግሞ ትልቁን አዋጅ መጠበቅ አያስፈልግዎትም። በ2003 በ13 ወረዳዎች በሙከራ የተጀመረው ማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አሁን በብዙ ወረዳዎች ይሠራል። መደበኛ ደመወዝተኛ ያልሆነ ቤተሰብ በዓመት አንድ ጊዜ ከፍሎ ዓመቱን ሙሉ የሚታከምበት ነው። ምዝገባው በሚኖሩበት ቀበሌ ወይም ወረዳ ስለሆነ፣ ከገጠር መጥተው ሱቅ ጓዳ ለሚያድሩ ልጆች የመጀመሪያው እንቅፋት መታወቂያ ይሆናል። መታወቂያውን እንዲያወጡ ያግዟቸው፤ የዓመቱንም መዋጮ ይክፈሉላቸው። ያወጡትን በዓመት ውስጥ ለሚሸጡት ምሳ ሁሉ ቢያካፍሉት በአንዱ ላይ የሚያርፈው ሳንቲም ነው። ያንን ዋጋው ላይ ጨምረው ምክንያቱን ግድግዳው ላይ ቢለጥፉ፣ እኔ ለምሳሌ ያንን ቤት ቁርስ ቤቴ አደርገዋለሁ።