እምቦጭ የሰበሰበው ብረት ወዴት ይሄዳል?

ስለ እምቦጭ የሚነገረው ሁሉ ክፉ ብቻ አይደለም። ከደቡብ አሜሪካ ተነሥቶ በዓለም ዙሪያ የተሠራጨው ይህ ተንሳፋፊ አረም በሀገራችን መታየቱ በመጀመሪያ የተመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1965 በቆቃ ሐይቅና በአዋሽ ወንዝ ነው፤ በ2011 በጣና ላይ ከታየ ወዲህ ግን ስሙን ያልሰማ ሰው ማግኘት ያስቸግራል። ዓሣ አጥማጁን መረቡን እንዳይጥል፣ ታንኳውንም እንዳይቀዝፍ ስለሚያግደው መወገዙ ተገቢ ነው። ሆኖም አንዳንድ ተናጋሪዎች ሁለት በጎ ነገሮችን ይቆጥሩለታል፤ ይኸውም በሥሮቹ ከተበከለ ውሃ ውስጥ ከባድ ብረታ ብረቶችን መጥጦ ያወጣል፣ ታጭዶም ለከብት መኖና ለማዳበሪያ ይውላል የሚሉት ናቸው። ሁለቱም በየፊናቸው እውነትነት አላቸው። ባንድነት ሲነገሩ ግን አደገኞች ናቸው ባይ ነኝ።

እኔም ራሴ በማስተማር ሥራ ላይ ሳለሁ የመጀመሪያውን በጎነት ለተማሪዎቼ በአድናቆት እተርክ ነበር። አንድ ቀን ከኋላ የተቀመጠ ልጅ እጁን አንሥቶ፣ «እሺ፣ ብረቱን ከውሃው ወሰደው፤ ከዚያስ የት አደረሰው?» ሲል ጠየቀኝ። የሰጠሁት መልስ ዛሬም ትዝ ሲለኝ ያሳፍረኛል፤ «ተክሉ ተመግቦ ያጠፋዋል» ነበር ያልሁት። ብረት ግን አይጠፋም፤ አይበሰብስም፣ ተቃጥሎም አያልቅም።

የቆቃን ነገር እንመልከት። ቆቃ እ.ኤ.አ. በ1960 አዋሽ ለኤሌክትሪክ ኀይል ሲገደብ የተፈጠረ፣ ከባሕር ወለል በላይ 1,590 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የሚገኝ ሰው ሠራሽ ሐይቅ ነው። ወደ እርሱ ከሚገቡት ወንዞች አንዱ ሞጆ ሲሆን በዚህ ወንዝ አካባቢ የቆዳ ፋብሪካዎች ተተክለዋል። በዘመናዊ አሠራር ቆዳ በአብዛኛው የሚለፋው በክሮሚየም ጨው ነው። ጨው በሙሉ ቆዳው ውስጥ አይገባም፤ ሲሶ ያህሉ ከእጣቢው ጋር ሊወጣ ይችላል። እጣቢው በሚገባ ሳይጣራ ሲለቀቅ ክሮሚየሙ ከፊሉ በወንዙ ጭቃ ላይ ይተኛል፤ ከፊሉም ወደ ሐይቁ ይወርዳል። በዚያም እንደ ጢም ተንጠልጥለው የሚንሳፈፉት የእምቦጭ ሥሮች ይቀበሉታል። ተክሉ ከያዘው ብረት አብዛኛውን በሥሩ ያከማቻል፤ ወደ ቅጠሉ የሚደርሰው ያንሳል። ሲሞትም ወደ ሐይቁ ወለል ሰጥሞ የያዘውን ይመልሳል። ስለሆነም ያልታጨደ እምቦጭ ሐይቁን አያጠራም። የታጨደ እንደ ሆነ ደግሞ ብረቱ አብሮት ወደ በረት፣ ወደ ጓሮ፣ ወደ ምድጃ ይጓዛል። ለቆዳ ማልፊያ የሚውለው የክሮሚየም ዓይነት ካንሰር ከሚያመጣው ከሌላው ዓይነት ይልቅ ጉዳቱ ያነሰ መሆኑ አይካድም፤ ነገር ግን በእሳት አንዱ ወደ ሌላው ሊለወጥ ይችላል፣ በአመዱም ውስጥ ይቀራል። አመድ ደግሞ በእኛ ቤት እንዲሁ የሚጣል ነገር አይደለም፤ ዕቃ ይታጠብበታል፣ የጎመን መደብም ላይ ይነሰነሳል።

በውሃ ተክል ሥር ዙሪያ የተከማቸ ብረት ምን እንደሚያደርስ ለመረዳት በሰሜን አሜሪካ፣ በአይዳሆ ተራሮች መካከል የሚገኘው የኮር ዳሌን ሐይቅ ምስክር ነው። ከሐይቁ በላይ ካሉት የብርና የእርሳስ ማዕድን ማውጫዎች የሚወጣው ዝቃጭ ከ80 ዓመታት በላይ ወደ ወንዙ ሲደፋ ኖሯል። መድፋቱ እ.ኤ.አ. በ1968 ቆመ፤ በሐይቁ ወለል ላይ ግን 75 ሚሊዮን ቶን የሚገመት እርሳስ፣ ዚንክና ካድሚየም ያለበት ጭቃ ተኝቶ ቀርቷል። በየዓመቱ በጸደይ ወራት ስዋን የሚባሉት ነጫጭ ትልልቅ የውሃ ወፎች በጉዟቸው ላይ በወንዙ ዳር ባሉት ረግረጎች ያርፋሉ። የተክሎቹን ሥር ለመብላት ሲቆፍሩ ጭቃውንም አብረው ይውጣሉ፤ በእርሳሱም ተመርዘው ይሞታሉ። መድፋቱ ከቆመ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላም ይህ ሞት አላቆመም።

«ከብቴ በበጋ በረኃብ ሲወድቅ ፊቴ ላይ የተንሳፈፈውን ልምላሜ እያየሁ ልተወው?» የሚለውን ገበሬ ለመውቀስ አልደፍርም። የምወቅሰው «እምቦጩ ያጠራዋልና ችግር የለም» የሚለውን ነው። የፋብሪካ እጣቢ የሚጣራው በፋብሪካው ግቢ፣ በፋብሪካውም ወጪ መሆን አለበት፤ ይህን ዕዳ የገበሬው ላም ልትከፍለው አይገባም። ስለ እምቦጭ ጥቅም የሚጽፉም የየትኛውን ውሃ እምቦጭ ማለታቸው እንደ ሆነ ሊገልጹ ይገባል። ተክሉ አንድ ቢሆንም የበቀለበት ውሃ አንድ አይደለምና፣ ለጣና ዳር የተሰጠ ምክር እንዳለ ለቆቃ አይገለበጥም።

ሥሩን ቆርጦ ቅጠሉን ብቻ መስጠት ጉዳቱን ሊቀንስ ይችላል፤ ሆኖም የምርመራን ቦታ አይተካም። ከሐይቁ ልዩ ልዩ ዳርቻዎች፣ በተለይም ሞጆ ከሚገባበት በኩል፣ ሥሩና ቅጠሉ ለየብቻ ተወስዶ በቤተ ሙከራ ይመርመር፤ ምርመራውም በክረምትና በበጋ ይደገም። ውጤቱ በመዝገብ ቤት አይቀመጥ፤ በአፋን ኦሮሞና በአማርኛ ተጽፎ አጭዶ ለከብቱ በሚጭነው ሰው መንደር፣ በቀበሌው ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ይለጠፍ።