ፒፓና ዕውቀት

ከትምህርት ሰዓት በኋላ በግቢያችን የሚወራው ወሬ ብዙ ዓይነት ነው። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ እየበረከተ የመጣው ግን የፒፓ ትምባሆ ወሬ ነው። ጥቂት ወንድሞቻችን በቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም በተከራዩት ክፍል ተሰብስበው፣ ከውጭ አገር ዘመድ የላከላቸውን ቆርቆሮ እየከፈቱ፣ አንዱን ትምባሆ ከአንዱ እያወዳደሩ፣ ጣዕሙንም በደብተር እየመዘገቡ ያመሻሉ። ሲጠየቁም «እኛ አጫሾች አይደለንም፤ የትምባሆ ዐዋቂዎች ነን» ይላሉ። ይህን የምጽፈው ስለዚህ አነጋገር ሐሳቤን ለመስጠት ነው።

አስቀድሜ የሚገባቸውን ልስጣቸው። አንድን ነገር ሳያውቁ መንቀፍ የተማሪ ወግ አይደለምና። የፒፓ ትምባሆ በእውነት ሰፊ ነገር ነው። ቨርጂኒያ የሚባለው ቅጠል ሙቅ አየር በሚተላለፍበት ቤት ውስጥ በጥቂት ቀን ስለሚደርቅ ስኳሩ በውስጡ ይቀራል። ስለዚህ ጣፈጥ ያለ፣ የድርቆሽ ሽታ ያለው ነው፤ ተቻኩሎ ያጨሰውን ሰው ግን ምላሱን ይለበልበዋል። በርሊ ደግሞ በጥላ ሥር ተሰቅሎ ለሳምንታት በነፋስ ስለሚደርቅ ስኳሩ ያልቃል፤ የተጨመረበትንም ጣዕም ሁሉ ይጠጣል። ነጭ በርሊ የተባለው ዘር እ.ኤ.አ. በ1864 በአሜሪካ፣ በኦሃዮ፣ በአንድ እርሻ ላይ ተገኝቶ የተስፋፋ ነው። ኦሪየንታል የሚባሉት በቱርክ፣ በግሪክና በዚያ አካባቢ በፀሐይ የሚደርቁ ትንንሽ መዓዛማ ቅጠሎች ናቸው።

ከዚህ ቀጥሎ አሠራሩ ይመጣል። ላታኪያ ስሙን ያገኘው ከሶሪያው ወደብ ነው፤ ዛሬ በገበያ ላይ ያለው ግን የቆጵሮስ ነው። ቅጠሉ ከደረቀ በኋላ ጢስ ባለበት ቤት ተሰቅሎ እስኪጠቁር ድረስ ይታጠናል። ፔሪክ የሚመጣው በአሜሪካ ከሉዊዚያና፣ ሴንት ጄምስ ከምትባል ትንሽ አውራጃ ነው፤ በበርሜል ውስጥ ተጨቁኖ አንድ ዓመት ያህል በራሱ ጭማቂ ሲብላላ ይከርምና እንደ ቁንዶ በርበሬ የሚኮሰኩስ ይሆናል። ካቨንዲሽ የቅጠል ስም ሳይሆን የአሠራር ስም ነው፤ በእንፋሎትና በጭነት ለስልሶ ብዙ ጊዜም ጣፋጭ ነገር ይጨመርበታል። ላታኪያና ኦሪየንታል የበዛበትን ቅይጥ «የእንግሊዝ ስልት» ይሉታል፤ ቫኒላ፣ ቼሪ፣ ሩም የተነከረበትን «አሮማቲክ» ይሉታል። ይህን ሁሉ በአፍንጫና በምላስ ለይቶ ማወቅ ትዕግሥት ይጠይቃል። ወንድሞቻችን ትዕግሥቱ አላቸው፤ ይህን አልክድም።

ነገር ግን ይህን ዝርዝር ሲያነብ «ይህ ነገር በእናቴ ቤት አለ» የማይል ኢትዮጵያዊ ማን ነው? የወተቱን ዕቃ፣ የጠላውን ጋን በወይራ ጢስ ማጠን ከላታኪያ ጢስ በምን ያንሳል? ቆጮን በጉድጓድ ቀብሮ ለወራት የሚያብላላ እጅ የፔሪክን በርሜል ቢያይ ይደነቃልን? ፒፓው ራሱ እንኳ ዘመዳችን ነው። የታወቀው የፒፓ እንጨት የሚቆረጠው በሜዲትራንያን ዙሪያ ከሚበቅለው ከኤሪካ አርቦሪያ፣ ከግንዱ ሥር ካለው ጉጥ ነው። ይኸው ተክል በእኛ ቋንቋ አስታ ይባላል፤ በስሜንና በባሌ ተራሮች ላይ ሞልቷል። የሠፈራችን ሞክሼ የሆነው፣ 4377 ሜትር ከፍታ ያለው የባሌው ቱሉ ዲምቱ፣ ቁልቁል ሲወረድ የሚገኘው ደን የአስታ ደን ነው። ወንድሞቻችን የፈረንሳይን የሴንት ክሎድን ፒፓ ሠሪዎች ታሪክ ሲተርኩ ሰምቻለሁ፤ ስለ አስታ ግን አንዳች ሲናገሩ አልሰማሁም።

ወደ ዋናው ነገር ልግባ። በአገራችን ከፒፓው በፊት ጋያ ነበር። ጋያ ከቅል፣ ከሸምበቆና ከሸክላ የሚሠራ፣ ጢሱ በውሃ ውስጥ አልፎ የሚሳብበት ዕቃ ነው። በኦሮሞ ገጠርና በምዕራቡ የአገራችን ክፍል ወንዱም ሴቱም ያውቀዋል። የዕቃው ዕድሜም ቀላል አይደለም። በጣና ሐይቅ አካባቢ ላሊበላ ከሚባል ዋሻ (ከከተማው የተለየ ነው) በቁፋሮ የተገኙ ሁለት የሸክላ ማጨሻዎች ተመርምረው ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ1975 ታትሟል። ማጨሻዎቹ የ14ኛው መቶ ዓመት ገደማ ናቸው ተብሏል፤ በውስጣቸው የተገኘው ርዝራዥ የካናቢስ እንጂ የትምባሆ አልነበረም። ትምባሆ ገና ከአሜሪካ አልተሻገረማ! ስለዚህ በውሃ ጢስ መሳብን ትምባሆ አላስተማረንም፤ ትምባሆው የመጣው ዕቃው ከተዘጋጀ በኋላ ነው።

እንግዲህ ልጠይቅ። አንዲት ባልቴት በደጃፋቸው ተቀምጠው ቅጠላቸውን በጣታቸው ፈትገው፣ የጥሩውንና የመጥፎውን ሽታ ለይተው ጋያቸውን ቢስቡ «ኋላ ቀር» እንላቸዋለን። የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ያንኑ ነገር ከታተመ ቆርቆሮ አውጥቶ ሲያደርገው «ዐዋቂ» ይባላል። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ምንድን ነው? ቅጠሉ አንድ ነው። መርዙ አንድ ነው። የባልቴቷ ዕውቀት እንዲያውም ይበልጣል፤ ቅጠሉን ዘርተው፣ አጭደው፣ አድርቀው ያውቁታልና። ልዩነቱ ቆርቆሮው ላይ ያለው የውጭ አገር ጽሑፍ ብቻ ነው። እንዲህ ያለውን ነገር ዕውቀት ብሎ መጥራት ዕውቀትን ማዋረድ ይመስለኛል። ባዕድ ስም ስላለው ብቻ አንድን ልማድ ከፍ ማድረግ፣ የራስ ስም ስላለው ብቻ ያንኑ ልማድ ዝቅ ማድረግ የሥልጣኔ ምልክት አይደለም።

ይህን ስል ጋያ ይመስገን ማለቴ አይደለም። ጋያም ፒፓም ሰውን ይጎዳሉ። ወንድሞቻችን ዘወትር የሚያቀርቡት መከላከያ «ፒፓ እንደ ሲጋራ አይደለም፤ ጢሱን ወደ ሳምባ አንስበውም» የሚል ነው። ይህ ቃል ከፊሉ እውነት፣ ከፊሉ ማታለያ ነው። ኬሚስትሪ የሚማሩ ሁሉ ሊያጤኑት የሚገባ ነገር አለ። እንደ በርሊ ያሉ በነፋስ የደረቁ ቅጠሎች ጢስ ወደ አልካሊነት ያደላል፤ በዚህ ሁኔታ ኒኮቲን በአፍ ውስጥ ባለው ስስ ቆዳ በኩል ወደ ደም ይገባል። ሳይስቡትም ሱስ ይይዛል ማለት ነው። የአሜሪካ መንግሥት የጤና ሹም እ.ኤ.አ. በ1964 ባወጡት የታወቀ ሪፖርት ፒፓ ማጨስ የከንፈር ካንሰር መንሥኤ መሆኑ የተረጋገጠ ይመስላል ብለው ጽፈዋል። ከዚያ ወዲህ የአፍ፣ የጉሮሮና የሳምባው ተጨምሮበታል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ትምባሆ በየዓመቱ ከ7 ሚሊዮን በላይ ሰው ይገድላል። ሞት ቆርቆሮውን አይቶ አይመርጥም።

ሌላም ነገር አለ። በእነዚያ ምሽቶች ስለ ቅጠሉ ቀለም፣ ስለ ዕድሜውና ስለ አቆራረጡ ይወራል፤ ቅጠሉን ስለሚለቅመው ሰው ግን አይወራም። እርጥብ የትምባሆ ቅጠል የሚለቅም ሠራተኛ ኒኮቲኑ በቆዳው በኩል እየገባ ያጥወለውለዋል፣ ያስመልሰዋል፣ ራሱን ያዞረዋል። ይህ በሕክምና የራሱ ስም ያለው በሽታ ነው። ቨርጂኒያውን በሙቅ አየር ለማድረቅ በብዙ የአፍሪካ አገሮች የሚነደው የደን እንጨት ነው። ትምባሆ በእኛም አገር፣ በሸዋ ሮቢት፣ በሐዋሳና በብላቴ ተተክሏል። ስለ ጣዕሙ ብቻ ዐውቆ ስለ ላቡ የማያውቅ ሰው ግማሹን ገጽ ብቻ ያነበበ ነው።

ታሪካችንም ቢሆን ስለዚህ ቅጠል ዝም ብሎ አያውቅም። አፄ ዮሐንስ 4ኛ (1864–1881 ዓ.ም.) ማጨስንም ሱረት መሳብንም ከልክለው፣ በተላለፈው ላይ ብርቱ የአካል ቅጣት ይፈጽሙ እንደ ነበር የታሪክ ጸሐፊዎች መዝግበዋል። እንዲህ ያለውን ጭካኔ ማንም አይመኘውም። በኋላ መንግሥት ራሱ ነጋዴ ሆነ፤ እ.ኤ.አ. በ1942 የትምባሆ ሞኖፖል ተቋቋመ። እ.ኤ.አ. በ2016 አንድ የጃፓን ኩባንያ የድርጅቱን 40 በመቶ ድርሻ በ510 ሚሊዮን ዶላር ገዛ፤ በሚቀጥለው ዓመት ድርሻውን ወደ 71 በመቶ ገደማ አደረሰ። ይህን ያህል ገንዘብ ለምን ወጣ? እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገው አገር አቀፍ ጥናት በኢትዮጵያ ትምባሆ የሚጠቀመው ጎልማሳ 5 በመቶ ብቻ ነበር። ነጋዴ እንዲህ ያለውን ቁጥር ሲያይ የሚታየው የቀረው 95 በመቶ ነው። ያ 95 በመቶ ማን ነው? እኛ ነን። ዛሬ በምናብ ተጀምሮ ነገ ሱስ የሚሆን ነገር ሁሉ ለዚያ ገበያ በር ከፋች ነው።

ምናልባት «አዋቂ ሰው በራሱ ገንዘብ፣ በራሱ ክፍል፣ የወደደውን ቢያደርግ ምን አገባህ?» የሚለኝ ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ነው። አንድ የሃምሳ ዓመት መምህር በቤታቸው ፒፓቸውን ቢይዙ ጠብ የለኝም፤ ጉዳቱን ዐውቀው የመረጡት ነውና። የእኔ ጠብ ከግብዣው ጋር ነው። ከክፍለ ሀገር የመጣ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ፣ ወዳጅ ፍለጋ የሚንከራተት፣ «ና፣ እኛ ጋ ሰው ትሆናለህ» ተብሎ ወደዚያ ክፍል ሲጠራ፣ ያ ነፃ ምርጫ አይደለም። ሕጉም ይህንኑ ይላል። አገራችን የዓለም ጤና ድርጅትን የትምባሆ ቁጥጥር ስምምነት በ2006 ዓ.ም. አጽድቃለች፤ አዋጅ ቁጥር 1112/2011ም ዕድሜው 21 ዓመት ላልሞላው ትምባሆ እንዳይሸጥ፣ ጣዕም የተጨመረበት ትምባሆም እንዳይነገድ ከልክሏል። ከመካከላችን 21 ዓመት የሞላው ስንቱ ነው? ያ የቫኒላና የቼሪ ቆርቆሮ የተከለከለውም በከንቱ አይደለም፤ ጀማሪውን የሚያጠምደው ጣፋጩ ነውና።

እንግዲህ ምን ይደረግ? ነቅፎ ብቻ መሄድ የሰነፍ ሥራ ነው። የእነዚህ ወንድሞቻችን ፍላጎት በመሠረቱ መልካም ነው፤ መለየት፣ ማመዛዘን፣ መመዝገብ ይፈልጋሉ። ስለዚህ ለማኅበራችን ሦስት ነገር አሳስባለሁ።

አንደኛ፣ በወር አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የቅምሻ ጠረጴዛ ይዘጋጅ። የሐረርን ደረቅ ቡና ከይርጋ ጨፌው እጥብ ቡና፣ የጅማውን ከሲዳማው እያወዳደርን ደብተሩን እንክፈት። በቡና አገር ተወልዶ በፔሪክና በካቨንዲሽ የሚራቀቅ፣ የቡናን ደረቅና እጥብ ግን የማይለይ ሰው ሊያፍር ይገባዋል። ማርም አለ፤ ከየትኛው አበባ እንደ ተቀሰመ በምላስ የሚለዩ ገበሬዎች አሉን።

ሁለተኛ፣ ከየገጠሩ የመጣን ተማሪዎች በዕረፍት ጊዜ ወደየቤታችን ስንሄድ ስለ ጋያ እንጠይቅ። ማን ይሠራዋል? ቅሉ እንዴት ይመረጣል? ክፍሎቹ በየቋንቋው ምን ይባላሉ? አብረው የሚስቡትስ በምን ሥርዓት ነው? ሳናጨሰው እንመዝግበው። የሚያውቁት ሽማግሌዎችና ባልቴቶች ከማለፋቸው በፊት መጻፉ ለአገር ይጠቅማል።

ሦስተኛ፣ መምህራኖቻችን ይርዱን። የኬሚስትሪ መምህር ስለ ኒኮቲንና ስለ አልካሊ፣ የዕፀዋት መምህር ስለ አስታ፣ የታሪክ መምህር ስለ ትምባሆ ሞኖፖል አንድ አንድ ሰዓት ቢሰጡን፣ ከቆርቆሮው ጀርባ ከተጻፈው የበለጠ እናውቃለን።

የፒፓው ክፍል ወንድሞቼ ይህን አንብበው ይቆጡ ይሆናል። መልስ ቢጽፉ ጋዜጣው ያትምላቸዋል ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ። እስከዚያው ግን አንድ ነገር እጠይቃቸዋለሁ። የመጀመሪያ ዓመት ተማሪዎችን አትጥሩ። የቅምሻው ጠረጴዛ በተዘጋጀ ቀን ግን እናንተ ኑ፤ ምላሳችሁ የሠለጠነ ነውና ትጠቅሙናላችሁ።

አንድ የማኅበሩ አባል
ቱሉ ዲምቱ